ከቀመሪያ ደብተር የተቆረጡት ገጾች

ደርግ በወደቀ በአምስተኛው ዓመት ነው። ሳውዝ ሲ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር፣ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ መቆሚያው አጠገብ፣ ቀመሪያና ጋሽ ኢስሀቅ ከዝናብ ሲሸሹ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተገጣጠሙ። ሽማግሌው ሦስት ሳምንት ሲሸሿት ቆይተዋል። በሰፈሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ የስደተኛውን ማመልከቻ ሁሉ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። የሕይወት ታሪኳን የጻፈችበትን ደብተር የሰጠቻቸውም እንዲተይቡላት ነበር። አሁን ማምለጫ ሲያጡ የተየቡትን ከፌስታል አውጥተው ሰጧት።

እዚያው ቆማ አነበበችው። "ለሚመለከተው ሁሉ" ብሎ ይጀምራል። ድንበሩ፣ ካምፑ፣ ወባው አለ። ሩጫው የለም። አሥር ዓመት የተወዳደረችው፣ ዛሬም ጎህ ሲቀድ ሻሿን አጥብቃ ብቻዋን የምትሮጠው ሴት ከወረቀቱ ጠፍታለች። በዚህ ከተማ ስትሮጥ የሚያያት እንጂ ለምን እንደምትሮጥ የጠየቃት ሰው የለም፤ የሚያውቃት ያ ደብተር ብቻ ነበር።

"ጋሼ፣ ሩጫዬ የት ሄደ?"

ጋሽ ኢስሀቅ ረጋ ብለው አስረዷት። ማመልከቻ የሚያነብ ሰው መከራን ነው የሚፈልገው አሉ። ደግሞም የሙስሊም ልጅ ሕዝብ ፊት መሮጧ ለወላጆቿ ነውር ስለሆነ እንደ አባት ሸፍነውላታል።

"ማመልከቻ ይጻፉልኝ መች አልኩ? ቅዳሜ ቅዳሜ የማስተምራቸው ልጆች የሚያነቡት መጽሐፍ ነው። ፀጉሬ ተሸፍኗል፣ ክንዴ ተሸፍኗል፣ ሰግጄ ነው የምወጣው። የቀረው የእግሬ ፍጥነት ነው። እሱንስ የሰጠኝ ማን ነው?"

"ምላስሽ ከእግርሽ ይቀድማል" አሉ። ሴት ልጅ ቤቷ ብትቀመጥ ማን ተጎዳ ሲሉም ጠየቋት።

"ኩለሱም" አለች ቀመሪያ። እናቷ የሞተችባት የአሥራ አምስት ዓመት ልጃቸው ናት። "ከትምህርት ቤቱ ሩጫ ካስወጧት ወዲህ ምን ያህል አወራችዎት?"

ሽማግሌው ባዶውን ፌስታል አጣጠፉ።

"ጠዋት በስዋሂሊ 'ሺካሞ' ብላ የትልቅ ሰው ሰላምታ ትሰጠኛለች፣ እንደ ሰው አባት። ሌላ የለም።" ድምፃቸው ዝቅ አለ። "የቆረጥኳቸውን ገጾች ትራሷ ሥር አገኘኋቸው። ስሸሽሽ የከረምኩት ለዚህ ነው። መጨረሻ የወጣሽበትን ውድድር ከሥሩ አስምራበታለች፤ 'ተመልካቹ ሄዶ ነበር፤ እኔ ግን ዙሩን ጨረስኩ' ያልሽውን። እኔስ ከዚያ ተመልካች በምን እሻላለሁ?"

ሴት ልጅን ዘግቶ አስቀምጦ ጠበቅኋት የሚል አባት ይህን ይስማ። የጠበቀው ዝምታን ነው። ሃይማኖቷ በሩጫ አልተነካም፤ የሚነካው የአባት ኩራት ነው፣ እሱም ቢነካ አይሞትም። የምትሮጥ ልጅ ጤናዋን ታገኛለች፣ ትምህርቷን ትወዳለች፣ ወደ ቤቷም የምታወራውን ይዛ ትመለሳለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ቀመሪያ ደብተሯን ልትወስድ ሄዳ በሩ ላይ ቆመች። ውስጥ ኩለሱም የተቆረጡትን ገጾች ጮክ ብላ ታነባለች፤ አባቷ ይተይባሉ። የጽሕፈት መኪናው ድምፅ ድንገት ቆመ።

"ከዚያስ?" አሉ ጋሽ ኢስሀቅ።

"ቆይ አባዬ፣ ገና አንድ ዙር ይቀራታል።"

ቀመሪያ አላንኳኳችም። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ዙሩ እስኪያልቅ አዳመጠች።