ኮሌታው ለምን ሰፋ?

ልብስ ሰፊ አክስቴን ሱቅ ደጃፍ ያገኘኋቸው ድንገት ነው። ባለሱቁ አዮዲን ያለውን የታሸገ ጨው ሲያቀርብላቸው በእጃቸው ጀርባ ገፋ አድርገው ጆንያ ውስጥ ያለውን ተራውን ያሳዩታል። አይቼ እንዳላልፍ ነፍሰ ጡር ልጃቸው የምትበላው ከዚያው ድስት ነው።

«አክስቴ፣ የታሸገውን ይውሰዱ እንጂ።»

«አዮዲን ቁስል ላይ ሲቀባ አውቀዋለሁ፤ ያንገበግባል። የእኔ ድስት አልቆሰለም።»

ባለሱቁ ሳቀ። እኔ ግን ይህን መልስ ሰምቼ ሰምቼ ሰልችቶኛል።

«የቁስሉ ሌላ፣ የጨዉ ሌላ። ጨው ላይ የሚጨመረው ለመብል የተመጠነ ኢምንት ነው፤ በጣዕም እንኳ አይለይም። እሱ ሲጎድል ነው እንቅርት የሚወጣው።»

«እንቅርት የዘራችን ነው። እናቴም ነበራት፣ እኔም አለኝ።»

«ዘሩ ብቻ መሰለዎት? የምትበሉት የጨው ጆንያም አንድ ነው።»

«ትምህርት ቤት ሳትዘልቂ ሐኪም ሆንሽብኝ?»

«ትምህርት ቤቱን አልጨረስኩም፤ የጀመርኩትን መጽሐፍ ግን እጨርሳለሁ።»

ትዕግሥቴ ተሟጠጠ። ዓይኔ ከአንገታቸው በተንጠለጠለው የልክ ሜትር ላይ አረፈ።

«የልጅዎ ቀሚስ ኮሌታው ለምን ሰፋ?»

«እርጉዝ አይደለች? ይሰፋላታል።»

«ለእርጉዝ የሚሰፋው ወገቡ ነው። እርስዎ ግን ቁልፍ ያዛወሩት ከአንገቷ ላይ ነው። ጽንስ አንገት ውስጥ አይቀመጥም።»

ቁልፉን ያዛወረው የገዛ እጃቸው ነው፤ እሱን እንዴት ይካዱት።

«የእናቴንም ኮሌታ እንዲሁ አሰፋላት ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«የልጅዎን አንገት ሐኪም ይየው፤ ይውሰዷት። እኔ የምፈራው ለጽንሱ ነው። እናት አዮዲን ካጣች የልጁ አእምሮ በቅጡ ሳያድግ ሊወለድ ይችላል። እሱን ደግሞ እንደ ኮሌታ የሚያሰፋው ልብስ ሰፊ የለም።»

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ አሉ» ብለው አንገታቸውን ዳሰሱ። የታሸገውን ገዙ።

ድል አድርጌ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ጎራ ብል አክስቴ ያንን ጨው ወንፊት ላይ ዘርግተው ውሃ ያንቆረቁሩበታል።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«አቧራ እንዳይኖረው እያጠብኩት።»

«አቧራ የለውም። አዮዲኑን ግን አጥበው ደፉት።»

ወንፊቱን አየት፣ እኔን አየት አደረጉ። «ታዲያ ይህን ሱቅ እያለን አትነግሪኝም?»

ሌላ ጨው ገዝተን መጣን፤ እኔም ያስቀረሁትን ነገርኳቸው። አይታጠብም፤ ከፀሐይና ከእሳት ይርቃል፤ ክዳኑ ይገጠማል፤ ድስት ውስጥ የሚገባው ምግቡ ሊወርድ ሲል ነው። ያረጀ እንቅርት ላያጠፋ ይችላል፤ ገና ለሚወለደው ልጅ ግን አእምሮውንም አንገቱንም ይጠብቅለታል።

አክስቴ ጨዉን ጠርሙስ ውስጥ ገልብጠው ክዳኑን ጥርቅም አደረጉ።

«እንግዲህ በዚህ ቤት የሚሰፋው ልብስ ብቻ ነው» አሉ።