ቁልቁለት የምትፈልግ መኪና

ካፊያው አልቆም ባለ አንድ ጠዋት ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ጎረቤቴን ጡረተኛውን የመሬት ቀያሽ መንገድ ዳር አገኘኋቸው። መኪናቸው ሜዳ ላይ ቀጥ ብላለች። ባለቤታቸው ከኋላ ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። የእህታቸው ልጅ፣ ጥገና ተምራ ጋራዥ የምትሠራው፣ ሞተሩን ከፍታ ታያለች።

«እግዜር ነው የላከህ! እስቲ ትንሽ ግፋን» አሉኝ።

መኪናዋ በቁልፍ መነሳት ከተወች ሁለት ዓመት አልፏታል። የምትነሳው ተንደርድራ ብቻ ስለሆነ፣ ሽማግሌው ኑሯቸውን ሁሉ ወደ ቁልቁለት አዙረውት ነበር። ዳቦ የሚገዙት ቁልቁለት ላይ ካለ ሱቅ ነው፤ ወዳጅ የሚጠይቁትም ቤቱ ዳገት ላይ ከሆነ ብቻ። ሜዳ ላይ የሚኖር ዘመድ ቢሞትባቸው ለቅሶ የሚደርሱ አይመስለኝም።

«አጎቴ፣» አለች ልጅቱ እጇን በጨርቅ እየጠረገች፣ «ይቺ መኪና ለዕለት ሥራ መሆኗ አብቅቷል። አክስቴ ኩላሊታቸውን የሚታጠቡበት ሰዓት እያለፈ ነው።»

«ውለታ አትርሺ ልጄ። ስድስት ልጅ አሳድጌባታለሁ። አረጀች ብዬ ልጣላት? እኔስ አርጅቼ የለ?»

«እርስዎ ሰው ነዎት፤ እሷ ብረት ናት። ያረጀ ሁሉ ይጣል አላልኩም። አልፎ አልፎ ብትበላሽ እጠግናት ነበር። አሁን ግን አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይሰበራል፤ መለዋወጫውም ከገበያ ጠፍቷል። በዚህ ወር ስንት ቀን በሰዓቱ አደረሰቻችሁ?»

«ባለመኪና ሆኜ በታክሲ ልመላለስ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውማ ስንገፋ እያየ የሚለውን ብሏል። ሐኪም ቤት ሲደርሱስ የእጅ ፍሬኗ ይይዛል?»

«ከጀርባ ካለው ቁልቁለት ላይ ድንጋይ አስደግፋታለሁ። እንዳትንሸራተት እዚያው ሆኜ እጠብቃታለሁ።»

«አክስቴንስ ማን ይጠብቃቸዋል?»

ሽማግሌው የመኪናዋን ጣሪያ በእጃቸው ጠረጉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ።

«ተይው ልጄ፣» አሉ ባለቤታቸው ከኋላ በደከመ ድምፅ፣ «ብቻዬን መግባቱን በሁለቱ ዓመት ለምጄዋለሁ።»

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። እኔ ምክር የማይጠፋኝ ሰው፣ ለመግፋት የዘረጋሁትን እጄን ሰበሰብኩ። ከዚያ የሚበልጥ ምክር ከየት ይመጣል?

«ታክሲ ጥራልን» አሉኝ በመጨረሻ። ቁልፉንም ለእህታቸው ልጅ ሰጧት። «የሚጠቅም ዕቃ ካላት አውጪ። የቀረውን እንዳሻሽ አድርጊው።»

ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ አልተዛነፈም። የሴትዮዋ እግር እብጠት ጎደለ። ባልየውም እጥበቱ የሚፈጀውን አራት ሰዓት ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነቡላቸው ጀመር። መኪና አረጀች የሚባለው በዕድሜዋ ብቻ አይደለም፤ ማገልገሏን ትታ መገልገል ስትጀምር ነው። ይህን ቶሎ የተረዳ ሰው ጊዜውንም ወገኑንም ያተርፋል።

እኚያ ደግ ሴት በአምስተኛው ወር አረፉ። ከቀብር ስንመለስ ሽማግሌውን ደግፌ እየሄድኩ፣ «ይጽናኑ ጋሼ፤ አምስቱን ወር ከአጠገባቸው አልተለዩም» አልኳቸው።

ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«ሁለቱን ዓመት ግን፣» አሉኝ፣ «ብረት ስጠብቅ ነበር።»