ማይላቸውን ለማን እንደሚሰጡ ሲያማክሩ የኖሩት የአቶ ገብረመድኅን ዘውዴ ሕይወት

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ፣ ፀሐይ ላይ ስላቆምናችሁ ይቅር በሉን። ይህን ወረቀት ልጃቸው ዮሴፍ እንዲያነበው ነበር የታሰበው፤ ነገር ግን ከትናንት ጀምሮ ድምፁ ተዘግቷል። ሌላ አንባቢ እንምረጥ ሲባል ደግሞ፣ በዚህ ቤት ምርጫ የሚባል ነገር ስንት ዘመን እንደሚፈጅ ስለማውቅ ወረቀቱን ነጥቄው መጣሁ። ታላቅ እህታቸው አበበች ዘውዴ ነኝ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩትን ልጅ አንቱ ማለት አፌን ያሳክከኛል፤ ወጉ ነውና ምን ይደረግ፣ እላለሁ።

አቶ ገብረመድኅን ዘውዴ ከአባታቸው ከሃምሳ አለቃ ዘውዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሚቴ በ1944 ዓ.ም. እዚሁ ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ ተወለዱ። አባታችን ከሸዋ ከጦሩ ጋር ተመድበው መጥተው ሐረርን ወደው የቀሩ ወታደር ነበሩ፤ እናታችን ደግሞ ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬና ኮረሪማ ይነግዱ ነበር። ምጡ ከጀመረ በኋላ አቶ ገብረመድኅን ልውጣ ወይስ ልቆይ እያሉ ሲያወላውሉ፣ አዋላጇ ቤቷ ሄዳ፣ ምሳዋን በልታ፣ ሸለብ አድርጓት ተመልሳ መጣች ይባላል። እኔ በር ላይ ቆሜ ስለነበር ውሸት ነው አልልም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚሁ ከተማ ገብተው ተማሩ። ጎበዝ ተማሪ ነበሩ፤ ያስቸገራቸው ትክክለኛውን መልስ ምረጡ የሚለው ፈተና ብቻ ነው። "ሀ" ላይ ያከብባሉ፣ "ለ" ላይም ያከብባሉ። መምህሩ ጠርተው ሲቆጧቸው "ሁለቱም የየራሳቸው ጥሩ ጎን አላቸው" ብለው መለሱ፤ በዚያ መልስ የተመቱትን ኩርኩም እስከ እርጅናቸው እያሻሹ ያሳዩን ነበር።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በወባ መከላከል ሥራ ተቀጥረው፣ መርጫ በጀርባቸው አዝለው የሶፊን ወረዳ መንደር ለመንደር ዞሩ። በዚህ ሥራ አንድም ቀን አላመነቱም። ረግረጉን አየት አድርገው "እዚህ ነው የምትራባው" ይላሉ፤ ትንኟም እዚያው ትገኛለች። ለትንኝ ከነበራቸው ቆራጥነት ሩቡ እንኳ ለቤታቸው ቢተርፍ ኖሮ፣ እኔም ዛሬ በአጭሩ አንብቤ እናንተም ጥላ ፍለጋ ትሄዱ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ከወይዘሮ ገላነሽ አስፋው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። ገላነሽ አዋላጅ ናቸውና እዚህ ከቆማችሁት ወጣቶች ብዙዎቻችሁን ያዋለዱት እሳቸው ናቸው፤ እግራችሁን ይዘው ገልብጠው በጥፊ ስላስለቀሷችሁ ዛሬ ብታለቅሱላቸው ብድር መመለስ ነው። ገላነሽ በትዳራቸው ወርቅ አልጠየቁም፣ ቤት ይሰፋልኝ አላሉም። አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፦ ኢየሩሳሌም ወርደው በሕማማት ሰሞን ጎልጎታን መሳለም። አቶ ገብረመድኅን በ1983 መንግሥት ሲለወጥ "አገሩ ይረጋጋ" አሉ። አገሩ ተረጋጋ። "ልጆቹ ይደጉ" አሉ። ዮሴፍም መቅደስም አድገው ጢምና ሊፕስቲክ አወጡ፤ ጢሙ የዮሴፍ ነው።

ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ የወባ ዕውቀታቸው በውጭ አገር ተፈለገና አንድ ድርጅት ኪጋሊ፣ ሉሳካ፣ አክራ እየላከ አሠልጣኝ አደረጋቸው። በአውሮፕላን በተሳፈሩ ቁጥር የተጓዙት ርቀት በስማቸው ይጻፋል፤ ማይል ይሉታል፤ ሲጠራቀም ነፃ ትኬት ይሆናል። ይህን የሰሙ ዕለት ቤት ገብተው "ገልዬ፣ ኢየሩሳሌም በማይል እልክሻለሁ" አሉ። ገላነሽም እልል ብለው ነጭ ቀሚስ አሰፉ። የማይሉን ካርድ ለማውጣት ሲያስቡ ስንት ዓመት እንዳለፈ እኔ አልናገርም፤ ቀሚሱ ግን ሁለት ጊዜ ሰፍቶ አንድ ጊዜ ጠቧል።

እንደምንም ካርዱ ወጣ፣ ማይሉም መጠራቀም ጀመረ። ከዚያ በ2004 ዓ.ም. የአገራችን አየር መንገድ ከውጭ አየር መንገዶች ጋር ማኅበር ገባ። ዕድር በሉት። ከዚያ ወዲህ አንድ በረራ ተሳፍራችሁ ማይሉን ከዕድርተኞቹ ለወደዳችሁት ማስጻፍ ትችላላችሁ፤ ግን ለአንዱ ብቻ ነው፣ አንዴ ከተጻፈም ወደ ሌላ አይዛወርም፣ ስድስት ወር ካለፈው ደግሞ ማንም አይቀበለውም። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ወንድሜን አያውቃቸውም። ቢያውቅ ኖሮ ለገላነሽ አዝኖ ይተወው ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ቤት ቤት መሆኑ ቀረ። የአገራችን ማይል ሲሞላ ትኬቱን ለፈለጉት ሰው ይሰጣል፤ ነገር ግን ሦስት ዓመት ከቆየ ይቃጠላል። አቶ ገብረመድኅን ያዩት የውጭው ደግሞ ማይሉ አይቃጠልም፣ የቤተሰቡንም ማይል በአንድ ቋት ያጠራቅማል፤ ነገር ግን ትኬቱን ከቤተሰብ ውጭ አይሰጥም። የቱ ይሻላል? ምሳ ላይ ይህ ነው፣ እራት ላይ ይህ ነው። ቦርዲንግ ፓሱን አልጋ ላይ ደርድረው ሲያዩ ገላነሽ የሚተኙበት እያጡ እኔ ዘንድ ይመጡ ነበር። የንስሐ አባታቸውን ሳይቀር ጠየቁ። አባም ግራ ገብቷቸው "ልጄ፣ ጾመህ ጸልይበት" አሏቸው። ጾሙ፤ ስድስት ወሩ አለፈ።

ከትኬት ቢሮ ናፊያ የምትባል ትዕግሥተኛ ልጅ አለች፤ ያቻትና ከኋላ ቆማለች። ስልኳ ሲጮኽ ገና ሳታነሳው ታውቃለች።

"ናፊያ ልጄ፣ ኪጋሊን ለማን ልስጠው?"

"ጋሼ፣ ኪጋሊ እኮ ጊዜው አልፎበታል። በአላህ ይሁንብዎ፣ ቢያንስ ሉሳካን ያትርፉት!"

ጓደኛቸው ሙሜ በርጫ ላይ ጫቱን እየመረጠ ሰምቶ ሰምቶ አንድ ቀን ተናደደ። "ወላሂ ገብሬ፣ እኔ አንዷን እህትህን ለትዳር ብጠይቅህ እንኳ እንዲህ አታጣራም ነበር!" አለ። እህታቸው እኔ አንድ ብቻ ስለሆንኩ፣ ሙሜ፣ ዛሬ በሕዝብ ፊት ማብራሪያ እጠብቃለሁ።

በመጨረሻ ማንም እንዳይቀየማቸው አንዱን በረራ ለአገራችን፣ ቀጣዩን ለውጭው ማስጻፍ ጀመሩ። በዚህ የተነሳ ሁለቱም ጎደሎ ሆኑ። ሙሜ አሁንም ዝም አላለም። "እኛ እንኳ ሁለት ሚስት ስናገባ ለሁለቱም እራት የሚበቃ ይዘን ነው" አላቸው።

ያን ጊዜ ነው የቤተሰቡ ቋት የታወሳቸው። ልጃቸው መቅደስ ዕቃ ለማምጣት ቻይና ትመላለሳለች፤ የእሷ ማይል ከእሳቸው ጋር በአንድ ቋት ቢገባ የገላነሽ ትኬት በአንድ ጊዜ ይሞላል። ናፊያ የሁላችንንም ስም ሞልታ ለውጭው ላከች። ዘመድ አይቅር ብለው የእኔንም ጨመሩ፤ እኔ በአውሮፕላን የተሳፈርኩት አንድ ጊዜ ነው፣ እሱንም ዓይኔን ጨፍኜ ስለሆነ እንደ ተሳፈርኩ አልቆጥረውም።

መልሱ ሲመጣ ናፊያ ቤት ድረስ ይዛው መጥታ ሳቋን መያዝ አቅቷት ስልኩን ለገላነሽ ሰጠቻቸው። ፈረንጆቹ አንድ ቤተሰብ የሚሉት የመጨረሻ ስሙ አንድ የሆነውን ነው። የእኛ የመጨረሻ ስም የአባት ስም ነው፤ ሚስትም ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም። ስለዚህ ገላነሽ "አስፋው" ስለሆኑ ባዳ ናቸው ተባለ። መቅደስና ዮሴፍ "ገብረመድኅን" ስለሆኑ አባታቸውን አያውቁትም ተባለ። ከእሳቸው ጋር "ዘውዴ" ሆና የተገኘችው እኔ ብቻ ነኝ። ደብዳቤውም "የተከበራችሁ አቶ ዘውዴና ወይዘሮ ዘውዴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ" ይላል።

ገላነሽ ስልኩን መለሱና "ጥሩ ነው፤ ሰርጉ መቼ ነው? እኔም እንዳልቀር" አሉ።

"ገልዬ፣ ይስተካከላል። ስምሽን ወደ ዘውዴ ብትለውጪ ነው የሚሉት" አሉ ወንድሜ።

"የአባቴን ስም ለአውሮፕላን ወንበር ልሽጠው? ኧረ አንተ ሰውዬ! በእግሬ እሄዳለሁ!"

ከዚያ ወዲያ ገላነሽ የኢየሩሳሌምን ስም ማንሳት ተዉ። ሰው እየጮኸ ሲጣላ ያባራል፤ ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው። አቶ ገብረመድኅንም ይህን አይተው፣ በጣም ከፍቷቸው ነበር። እኔንም ከዚያ ቋት ውስጥ ልፍታሽ ወይስ ልተውሽ እያሉ ሲያሰላስሉ ኖሩ፤ እኔም እስከ ዛሬ እዚያው በትዳር ላይ አለሁ።

በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ኩላሊታቸው ታመመ። በአዲሱ ዓመት መግቢያ መቅደስ ባንኮክ ወስዳ አሳከመቻቸው፤ ሐኪሞቹም የሚችሉትን አድርገው ወደ ቤታቸው መለሷቸው። ባንኮክ ሩቅ ነው፣ ማይሉም ብዙ ነው። ናፊያ ልትጠይቃቸው መጥታ እንዳስረዳችን፣ ያ አንድ በረራ ለአገራችን ቢጻፍ የገላነሽ ትኬት ይሞላል፤ ለውጭው ቢጻፍ ትኬቱ ለእኔ ካልሆነ ለማንም አይሆንም። ለአገራችን የተጻፉት የቆዩ ማይሎች ደግሞ በጥር መጨረሻ ይቃጠላሉ። ይህን ስትነግረን ጥር ገብቶ ነበር።

እኛማ ምን እንደሚከተል እናውቃለን። ሙሜ ጫማውን አውልቆ ተመቻችቶ ተቀመጠ። እኔ ትራስ ሳብኩ። ገላነሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አቶ ገብረመድኅን ከአልጋቸው ቀና አሉ።

"ናፊያ፣ ባንኮክን ለአገራችን ጻፊው። ትኬቱን ለገላነሽ አውጪው፣ ለሕማማት" አሉ።

"ግን" የሚለውን ጠበቅን። ቤቱ ውስጥ የማይጠብቅ ሰው አልነበረም። "ግን" አልመጣም። ሙሜ "ገብሬ፣ የውጭውስ?" አለ።

"የውጭው ይቅር" አሉ።

ገላነሽ ከተቀመጡበት ተነሥተው መጥተው ግንባራቸውን ዳሰሱ። "ገብርዬ፣ ምን ሆንክብኝ? አሁኑኑ ሐኪም ይጠራ" አሉ። ሁላችንም ያለቀስነው ያን ጊዜ ነው። ወንድሜ ማንንም ሳያማክሩ ሲወስኑ አይተን አናውቅም ነበርና መሄጃቸው እንደደረሰ ገባን። እሳቸው ግን በሳቅ ፈረሱ፤ "ቆራጥ ሁን፣ ቆራጥ ሁን ስትሉኝ ኖራችሁ፣ ስቆርጥ ደግሞ ታለቅሳላችሁ!" እያሉ።

ትኬቱ ወጣ። "ወይዘሮ ገላነሽ አስፋው" ይላል፣ ከነአባታቸው ስም። አቶ ገብረመድኅንም በሕክምናና በጸሎት ሲረዱ ቆይተው፣ ትናንት የካቲት 10 ቀን 2010 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ከወረቀቱ እወጣለሁ። ትናንት ገላነሽ "ከል ለብሼ አውሮፕላን አልሳፈርም፣ ሰው ምን ይለኛል" ብላለች። ሰው ማለት እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ እናንተው ፊት እናገራለሁ። ገልዬ፣ ስሚኝ። አርባው ከሕማማት በፊት ይወጣል። ትኬቱ በስምሽ ነው፤ ለእኔ አይሆንም፣ ለሌላ አይዛወርም፣ ቀኑም አይቀየርም። ይህ ሰውዬ በስልሳ ስድስት ዓመቱ የወሰነው አንድ ነገር ነው። እሱንም ልታስቀሪው ነው? ከሉን ለብሰሽ ትሄጃለሽ። ጎልጎታ ከል ለብሶ የመጣን ሰው መልሶ አያውቅም። እስከ ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ሙሜ በመኪናው ያደርስሻል፤ አልጠየቅኩትም፣ ግን ይኸው አሁን ራሱን እየነቀነቀ ነው። "ባሏ በሞተ በስንት ጊዜው ሄደች" የሚል ጎረቤት ካለ ደግሞ ቤቴን ያውቀዋል፤ መጥቶ ለእኔ ይንገረኝ።

አቶ ገብረመድኅን ባለቤታቸውን ወይዘሮ ገላነሽ አስፋውን፣ ልጆቻቸውን ዮሴፍንና መቅደስን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ወዳጃቸውን ሙሜን፣ እንዲሁም በውጭ አገር መዝገብ ሚስታቸው የሆንኩትን እህታቸውን ትተው አልፈዋል። በሐዘናችን ላይ ለተገኛችሁ፣ ድንኳን ለተከላችሁ፣ ውኃ ላቀበላችሁን ክርስቲያንም እስላምም ጎረቤቶቻችን እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ደጃችሁን ሐዘን አይርገጠው።

አቤቱ ጌታዬ፣ የወንድሜን ነፍስ ተቀበልልኝ። ብዙ መኖሪያ እንዳለህ ተጽፏል፤ አደራህን፣ የትኛው ይሻልሃል ብለህ እንዳትጠይቀው። እስከ ምጽአት በር ላይ ይቆምብሃል። አንተው መርጠህ አስገባው።

አሜን በሉ።