እንባዬን በወረቀት ለኩት

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት ከጠርሙሳቸው ውሃ ደጋግመው ሲጎነጩ አጠገባቸው ያለችው ወጣት ጠየቀቻቸው።

«እማማ፣ ስኳር አለብዎት እንዴ?»

«እሱንማ ተመርምሬ የለም ተብያለሁ። አፌ ነው የሚደርቀው። እንጀራው ያለ ውሃ አይወርድልኝም።»

«ዓይንዎስ?»

«አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል። ምነው፣ ሐኪም ነሽ?»

«ነርስ ነኝ። የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ሐኪሙም እሱን ነው የጠየቀኝ። ምንም የለም። ከዚያ ቀጭን ወረቀት ከዓይኔ ቆብ ሥር ሰክቶ እንባዬን ለካው።»

«ስንት ሆነ?»

«ምን ስንት አለው፣ ወረቀቱ እንደገባ ደረቁን ወጣ። ሰው ሲሞት ያለቅሳሉ ወይ አለኝ።»

«ምን አሉት?»

«አለቅሳለሁ፣ የቀረው እንባው ነው አልኩት። ባሌ የሞተ ለት ደረቴን እየደቃሁ ሙሾ ሳወርድ ከዓይኔ ጠብ አላለም። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እህቱ እስከ ዛሬ አታናግረኝም።»

«ሰውነትዎ የራሱን የእንባና የምራቅ ዕጢ እየተዋጋ ይሆናል። በደም ይታያል።»

«የደሙን ውጤት ልቀበል ነው የምሄድ። ልጄ፣ ሕመሜን በወረቀት ይጽፉልኝ ይሆን?»

«ለመሥሪያ ቤት ነው?»

«ኧረ ለባሌ እህት ነው። ይህ በሽታ እንባ ያደርቃል ብለው ይጻፉልኝ፣ ማኅተምም ይኑረው።»

ወንድሜ የተቀበረ ለት እንባ አላፈሰሰችም ብዬ ሁለት ዓመት ያኮረፍኳት ሚስቱ፣ ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ የውሃ ጠርሙስ ይዛ እንደነበር ትዝ አለኝ።