በካሚል ጭማቂ ቤት ስለተሰበረው ሸክላ

የምስክሩ ስም፦ ለማ ወንድይፍራው
ዕድሜ፦ 61
የትምህርት ደረጃ፦ 6ኛ ክፍል
ሥራ፦ ሽንኩርት አምራች
አድራሻ፦ ሸዋ ሮቢት ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትናንት እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ከሟች ባለቤቴ ከፋናዬ ታናሽ ወንድም ከደሳለኝ ጋር ወደ ቤት ስንሄድ፣ የጭማቂ ቤቱ ባለቤት ካሚል ከበሩ ላይ ሆኖ «ጋሼ ለማ፣ ኑማ፣ ድምፅዎ ከአዲስ አበባ በሸክላ ታትሞ መጣ» ብሎ ጠራን። ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ፊልም ሠሪዎች እዚሁ መጥተው የቀብር ትዕይንት ሲቀርጹ፣ እንዲያለቅሱ ከተጠሩት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። የፊልሙን የሮክ ሙዚቃ በሸክላ ሲያሳትሙ፣ በቀረጻው ጊዜ ደንበኞቹ ስለነበሩ አንዱን ለካሚል ልከውለታል።

ካሚል ሸክላውን ማጫወቻው ላይ አድርጎ ማንጎ ሊጨምቅ ወደ ጓዳ ገባ። ሌሎቹ ደንበኞች ከሙቀቱ የተነሳ ደጅ ዳሱ ሥር ስለነበሩ ውስጥ የቀረነው እኔና ደሳለኝ ብቻ ነን። ጊታሩ ሲጮህ ቆይቶ ዝግ አለና የሰው ለቅሶ መጣ። የእኔ ነው። ደሳለኝ «ጋሼ፣ እህቴን ስንቀብር ይህ ሁሉ እንባ የት ተቀምጦ ነበር?» አለኝ። ጮሆ ስለተናገረ ደጅ ያሉት ሁሉ ሰምተዋል።

እውነቱን ነው፤ በፋናዬ ቀብር ላይ አላለቀስኩም። ሰው «ሃይማኖተኛ ነው፣ ቻለው» ብሎ አመሰገነኝ፣ እኔም ምስጋናውን ተቀበልኩ። የፊልሙ የሬሳ ሳጥን ግን ባዶ መሆኑን ስለማውቅ አለቀስኩ። ቀራጩ «ይበቃል አባቴ» ቢለኝም ማቆም አልቻልኩም።

ከደጅ አንዱ «ካሚል፣ ያቺን ለቅሶ ድገማት እስቲ» አለ፤ ሳቁ። በዚህ ጊዜ ሸክላውን ከማጫወቻው መንጭቄ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጭቼ ሰበርኩት። ማጫወቻውም ወድቆ ተሰበረ። ደሳለኝ አልነካውም።

ካሚል ሮጦ መጥቶ ደሳለኝን በአንገትጌው ያዘው። «ጋሼ ለማ ዝንብ እንኳ እሽ አይሉም፤ አንተ ነህ» አለው። ደሳለኝ ዞር ብሎ አየኝ። እኔ ነጠላዬን አስተካከልኩ። ፖሊስ ሲወስደውም ዝም አልኩ።

ዛሬ ጠዋት ኪዳን ለማድረስ ሄጄ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ማለፍ አቃተኝ። ለደሳለኝ ቁርስ ይዤ ወደ ጣቢያ መጣሁ። እውነቱን ለምን እንዳልተናገረ ብጠይቀው «ይተዉት ጋሼ፣ ባይቀድሙኝ እኔው እሰብረው ነበር። ብቻ ያለቀሱት ለእሷ ነው?» አለኝ። ነው አልኩት። «እንዲያ ከሆነ ይሂዱ» አለኝ።

ወጥቼ መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ተመልሼ ይህን ቃል ሰጠሁ። ጥፋተኛው እኔ ስለሆንኩ ደሳለኝ ይፈታ፤ የካሚልን ንብረት እኔ እተካለሁ። መርማሪዋ «ቤትዎ ሆነው ይጠብቁ» ቢሉኝም፣ ደሳለኝ እስኪወጣ እዚሁ አግዳሚው ላይ መቀመጥ እንደምፈልግ ተናግሬያለሁ። ሲወጣ ምን እንደምለው ግን አላውቅም።

የተጻፈው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የጎደለም የተጨመረም የለበትም። ማንም ሳያስገድደኝ የተናገርኩት ነው። በእውነትነቱ እጠየቅበታለሁ፤ እዚህም፣ በላይም።

የምስክሩ ፊርማ፦ ለማ ወንድይፍራው
ቃሉን የተቀበሉት መርማሪ፦ ምክትል ሳጅን መቅደስ አበጋዝ (ፊርማ)