የኮሊን በርና የፐርዝ እንግዶች

እትዬ ታየች መኪና ውስጥ ወሬ የሚጀምሩት ሁልጊዜ ከአየሩ ነው። ያን ቅዳሜ ጠዋትም ከሰፈራቸው ከፖይንት ኩክ ሲነሱ ፊተኛው ወንበር ላይ ተደላድለው፣ ቀበቷቸውን አስረው፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ መለስ አደረጉና «እየሩዬ፣ ይሄ ብርድ ግን ምን ብንበድለው ነው?» አሉ። እየሩ ከኋላ ሳቀች፤ መሪውን የያዘው ወንድሟ ራጉኤልም ሳቀ።

ራጉኤል ደስ ብሎታል። ለምን ደስ አይለው? በማግስቱ የእትዬ ታየች ባለቤት ጋሼ ጸጋዬ ሽማግሌ ሆነው ከከተማው ማዶ ዳንደኖንግ የፍቅረኛው የፀደንያ አባት ቤት ሊገቡ፣ ልጅቷን ለእሱ ሊጠይቁለት ነው። የፀደንያ አባት እንደሁ በቀላሉ እሺ የሚሉ ሰው አይደሉም። «ጸጋዬ ስለ ልጁ አፉን ሞልቶ ከተናገረ እሰማለሁ፤ ሌላ ሰው ግን እንዳትልኩብኝ» ብለው ቁርጡን ተናግረዋል። ስለዚህ የራጉኤል ሠርግ በአንድ ሰው አፍ ላይ ነው ያለው። ዛሬ ደግሞ እየሩ ለነገ የምትለብሰውን ቀሚስ ልትለካ እዚያው ዳንደኖንግ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቀጠሮ አላት። እትዬ ታየች «እኔም ልምጣ፣ ትንሽ ነፋስ ልቀበል» ብለው ሲገቡ ራጉኤል ጠርጠር ማድረግ ነበረበት። ሴትዮዋ እኮ መኪና የሚያዞራቸው ናቸው! ለቅሶ ካልሆነ በቀር ወደ ዳንደኖንግ የሚወስደውን ድልድይ ተሻግረው አያውቁም።

«እዪው፣ ትራፊኩ ደግሞ!» አሉ ድልድዩ ላይ ሲቆሙ። «እዚህ ላይ ሰው ያረጃል እኮ። ይሁን፣ ቀስ እያልን እንጫወታለን… ሬንቱን ጨመሩባችሁ አሉ? አይ እነዚህ ሰዎች! እኛ ሺፍት በጨመርን ቁጥር ሮጦ የሚነግራቸው ሰው አለ መሰለኝ። ልጆቹስ? አሁንም በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሱልሽ? የኔው የልጅ ልጅ ባለፈው “ሃይ ታየች” አይለኝ መሰለሽ! እንደ እኩያው፣ በስሜ! እኔም “ሃይ” አልኩት፣ ምን ላድርግ… ስም እኮ ነው። ሰው በስም ቢጠቀም ምን አለበት? እንዲያውም በሰው ስም አሳምሮ የሚጠቀም አንድ ልጅ አለ፣ የሱን ነገር ሳስብ እየገረመኝ ነው።»

ራጉኤል መጀመሪያ ነገሩ አልገባውም። መስኮቱን እያየ የነገውን ክራቫት ቀለም ያስብ ነበር።

«እኔ የምልሽ እየሩ፣ ተርኪ በልተሽ ታውቂያለሽ? ፈረንጆቹ ለገና የሚጠብሱትን ትልቅ ዶሮ፣ ሱቅ ያለውን አይደለም። የዱሩን ነው የምልሽ። ጋሼሽ በየዓመቱ ክረምት ሲገባ በዛች በትንሿ አውሮፕላን እየተንቀጠቀጠ ደሴቷ ድረስ ሄዶ የሚያመጣውን…»

ራጉኤል የክራቫቱን ነገር ረሳ። ጋሼ ጸጋዬ ልጅነታቸውን ቆቅና ጅግራ ሲያድኑ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ከባሕሩ ማዶ ባለችው ደሴት ኮሊን ከሚባል ገበሬ ጋር ተዋወቁና፣ ሰውየው የዱር ተርኪ የሚርመሰመስበትን እርሻውን ከፈተላቸው። ራጉኤል ላቨርተን ኖርዝ በሚባል ሰፈር ዌርሃውስ ውስጥ ፎርክሊፍት ከመንዳት ውጭ የሚያውቀው ነገር፣ የሚያውቀውም ሰው ባልነበረ ጊዜ፣ እጁን ይዘው የወሰዱት እሳቸው ናቸው። ጠመንጃ አያያዝ ያስተማሩት፣ ኮሊንን «ይሄ ልጄ ነው» ብለው ያስተዋወቁትም እሳቸው ናቸው።

«አንቺ፣ ያ ሽማግሌ ወፏን ሲመታ እኮ ጉልበቱን ረስቶ ነው የሚሮጠው! ነፍሷ ሳትወጣ ደርሶ “በስመ አብ” ብሎ ካልባረካት በክት ናት፣ አይበላትም። አንድ ቀን ሳይደርስባት ቀርቶ ለኮሊን ውሻ ሰጣት። ኮሊንም ለምዶ፣ ጋሼሽ ቢላዋውን ሲያወጣ ባርኔጣውን ያወልቃል አሉ። ፈረንጁ! ጸሎት መሆኑ ገብቶት! የአደኑ ወቅት ደግሞ ሁልጊዜ የሰኔን ጾም ጠብቆ ነው የሚከፈተው። ሐምሌ አምስት እስኪደርስ የፍሪዘሩን በር እየከፈትን ወፎቹን እናያቸዋለን፣ እንዘጋለን፣ እናያቸዋለን፣ እንዘጋለን…

«የደሴቷ ሰዎች ደግሞ የውጭ አዳኝ በዛብን እያሉ ሲያጉረመርሙ ነው የሚኖሩት። ወፉ ሸሸ፣ አጥር ተሰበረ፣ መንገዱ በማናውቀው መኪና ተሞላ ይላሉ። እውነታቸውን ነው! እኛስ ብንሆን ዝም እንል ነበር? ስለዚህ ጋሼሽ ሲሄድ ብቻውን ነው፤ ቢበዛ አንድ ሰው ይዞ፣ ያንንም አስፈቅዶ። መጀመሪያ የኮሊንን አጥር ሲጠግን ይውላል፣ ከዛ በኋላ ነው ለማደን የሚወጣው። ለአንድ ወፍ ስንት ሚስማር እንደመታ አልነግርሽም! የአደን ላይሰንሱም አለልሽ። ለደሴቷ ሰው ርካሽ ነው፣ ለውጭ ሰው ይወደዳል። ኮሊን “በኔ አድራሻ ሙላና ርካሹን ክፈል” ቢለው ጋሼሽ እምቢ አለ። “የውጭ ሰው ነኝ፣ እንደ ውጭ ሰው ነው የምከፍለው” አለ። ሞኝ አይደል? … እኔስ ሞኝ ነው ያልኩት። ያ ልጅ ግን ብልህ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ደግ ሥራ የሚሠራ ሰው ስሙ ሲነሳ አይወድም።»

እየሩ ጓጉታ ወደ ፊት ጠጋ አለች። እትዬ ታየች ለእሷ ብለው ሲዞሩ አፋቸው ልክ ራጉኤል ጆሮ አጠገብ ይሆናል።

«ምን አደረገ መሰለሽ? ዘንድሮ ከፐርዝ እንግዶች መጡበት። ከራስ እስከ እግር የወታደር ልብስ፣ አዲስ ጠመንጃ፣ አዲስ ቦት ጫማ… እኛ ቤት እንግዳ ቢመጣ ያለንን እንጀራ ነው የምናቀርበው። እሱ የሰው እርሻ አቀረበ! እንዲህ ያለ እጀ ሰፊ ሰው ታውቂያለሽ? እንዲንገላቱም አልፈለገም። “ላይሰንስ ምናምን እያላችሁ ኦንላይን አትድከሙ፣ ክፍያውን ለኔ ስጡኝ፤ ፐርሚቱም እርሻውም በኔ በኩል ነው” አላቸው። ሸክማቸውን ተሸከመላቸው እኮ! እስከ ዛሬ ከኪሱ አላወረደውም፣ እንዳይከብዳቸው ብሎ…»

ራጉኤል ደነገጠ። ማን ነገራቸው? እሱ እስከሚያውቀው እዚህ ከተማ ይሄን ነገር የሰማ ሐበሻ አልነበረም። እንግዶቹ ያለ ላይሰንስ ሲያድኑ ተቆጣጣሪ ይዟቸው፣ ተቀጥተው፣ እየሰደቡት ወደ ፐርዝ ተመልሰዋል። ኮሊንም የሱን ስልክ ማንሳት ትቷል፤ በቃ፣ በዚያው አለቀ ብሎ ነበር። ገንዘቡን ሊመልስላቸው አስቦ ነበር፣ በኋላ የሠርጉ ወጪ መጣ። ለጋሼ ጸጋዬ ሊነግራቸውም አስቦ ነበር፣ በኋላ የሽምግልናው ነገር መጣ። ሰው እንዲህ ሲያስብና ሲያስብ ነው የሚከርመው፤ ራጉኤልም ከሌላው የተለየ ክፉ ልጅ አይደለም።

«ተቆጣጣሪው ሲመጣ እንግዶቹ ኪሳቸውን ቢዳብሱ ምን አለ? ምንም። ወፉ ግን ተከምሯል፤ ማን ይሩጥለት፣ ማን ይባርከው! ኮሊን ለዘር ይቅሩ ያላቸውን እንስቶቹን ሳይቀር። “ማን አስገባችሁ?” ቢላቸው ምን ቢሉት ጥሩ ነው? … “ጸጋዬ!” አንቺን ይንሳኝ፣ “ጸጋዬ” ነው ያሉት! ጋሼሽን አይተውት አያውቁም እኮ፣ መንገድ ላይ ቢያገኙት ሰላም አይሉትም። ስሙን ግን ጥርት አድርገው ጠሩት። ፈረንጁ ጎረቤታችን ይሄን ሁሉ ዓመት “ሳጋይ” እያለ ነው የሚጠራው! አሁን እንግዲህ የልጁን አስተማሪነት እዪልኝ።»

እየሩ ሆዷን ይዛ ሳቀች። በዚህ መሐል የመኪና መንገዱ ዋሻ ውስጥ ገቡ፤ ሲገቡም እትዬ ታየች ጸጥ አሉ። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ፊት ለፊታቸውን እያዩ ዝም።

ራጉኤል እንዲህ ባሉ ሴቶች መሐል ያደገ ልጅ ነው፤ ዝምታው የተተወለት ለእሱ እንደሆነ አልጠፋውም። «እትዬ፣ እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ቃሉ ምላሱ ላይ ደረሰ። ግን ነገን አሰበ። ነገ ብቻ ትለፍልኝ፣ ጋሼ ገብተው ተናግረው ይውጡ፣ ማታውኑ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ አለ በልቡ። አፉን ከፈተና «ሙቀቱን ልጨምርልዎ?» አላቸው።

እትዬ ታየች ወደ እየሩ ዞሩ። «ተመስገን፣ በጣም ሞቆኛል። ወንድምሽ ግን እንዴት ያለ አሳቢ ነው!»

ከዋሻው ሲወጡ ዝናብ ጀምሯል። ፍሪዌዩ ክፍት ነበር፤ ራጉኤል እግሩን በነዳጁ ላይ ጫን አደረገ፣ ቶሎ ለመድረስ።

«የት ደረስኩልሽ? አዎ፣ ኮሊን… ትናንት ደወለ። ጋሼሽ ጆሮው ከብዶታል፣ ስልኩን በስፒከር ነው የሚያወራው፤ ስለዚህ ባልፈልግም ሰማሁ። “በሩን በሰንሰለት ዘጋሁት ጸጋዬ። ከእንግዲህ ለማንም አልከፍትም፣ ላንተም ቢሆን” አለው። ያ ግንድ የሚያህል ሰውዬ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ! ጋሼሽ ምን ብሎ የተከራከረ ይመስልሻል? “ልክ ነህ፣ በስሜ ነው የገቡት” አለና ዘጋው። ከዛ ቢላዋውን አውጥቶ ሲወለውል አመሸ። “የት ልትሄድበት ነው የምትወለውለው?” ልለው አልኩና አንጀቴ አልችል አለኝ…»

ድምፃቸው ተሰበረ። አንድ ጊዜ አክ አሉና መልሰው አነሱት።

«ልጁን ግን ክፉ ቃል አልተናገረውም። ምን ብሎ ይናገረው? አስተምሮት እኮ ነው። ገዳይ ሆኖለታል! ዘንድሮ ስንት ተርኪ እንደጣለ እንጃ፣ አንድ ሽማግሌ ግን ጥሏል፤ ያውም ጥይት ሳያባክን። እኔ በበኩሌ እኮራበታለሁ። … እንደው አንድ ሰው ቢያገኘው እያልኩ ነው። “ለእንግዶቹ ገንዘባቸውን መልስ፤ ለኮሊን ደውልና እኔ ነኝ በለው፤ ጋሼህን ደግሞ ዛሬ፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ፣ ይቅር በሉኝ በላቸው” ቢለው አይሰማም ትያለሽ? ይሰማ ነበር። የጨዋ ልጅ ነው። ግን ማን ያገኘዋል? ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው፤ መኪና የሚነዳ ሰው ደግሞ አይጨቀጨቅም…»

ራጉኤል አፍሮ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ሆኖም ዳንደኖንግ እስኪደርሱ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። ከልብስ ሰፊዋ ሱቅ ፊት ለፊት መኪናውን አቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ «ደርሰናል» አለ።

«ደረስን? ጎበዝ!» እትዬ ታየች ቀበቷቸውን ፈቱ። በሩን ግን አልከፈቱም። «ቆይ እየሩዬ፣ ሳልወርድ ያን ልጅ ልመርቀው። አድክሜዋለሁ ዛሬ፣ ስሙን ሳላነሳ ስንቱን አነሳሁበት። እጅሽን ዘርጊና አሜን በይልኝ። … እግዚአብሔር የወደዳትን ልጅ ይስጠው። ቤቱ ከእንግዳ አይለይ። ለአማቱ በር የሚልካቸውንም ሽማግሌዎች ከሩቅ አገር ያምጣለት፤ ዓይኑን አይተውት የማያውቁ፣ ስሙን ብቻ አጥንተው የመጡ፣ ስለ እሱ የሚሉት የማያልቅባቸው ይሁኑለት። ጠባዩን የሚያውቀውን ሽማግሌ ደግሞ… ደክሞታል መቼም፣ ዕድሜም ነው… እሱን ነገ ቀኑን ሙሉ እቤቱ ጋደም ብሎ እንዲውል ያድርግለት።»

እየሩ ለማን እንደሆነ ሳታውቅ ሁለት እጇን ዘርግታ ከልቧ «አሜን» አለች።