እትዬ አስካለና ጠያቂው ሳጥን

ገበያ ውስጥ ጨርቅ ለሚያከፋፍሉት ለእትዬ አስካለ የዕቃ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ሠራሁላቸው፤ የመጀመሪያ ደንበኛዬ ናቸው። በሳምንቱ መዝገቡ ባዶ ነው። «ካልሠራ ወደ ደብተሬ እመለሳለሁ» አሉኝ። ስህተቱ የእኔ መስሎኝ ኮዱን ሁለቴ መረመርኩ፤ ምንም አጣሁበት። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። ሃያ ጥቅል ጨርቅ ጻፉ፤ «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ሳጥን ብቅ ሲል «አይ» የሚለውን ተጫኑ።

«ምነው እትዬ?»

«ገበያ ውስጥ ‹እርግጠኛ ነሽ?› ያለኝ ሁሉ የደበቀኝ ነገር ነበረው። ይሄ ደግሞ ስለ ራሴ ጨርቅ ማን ሆኖ ነው የሚጠይቀኝ?»

ለካ እኔ ራሴን ስለማላምን ሳጥኑን በየቦታው ደቅኜባቸዋለሁ። እዚያው ቁጭ ብዬ፣ ከመሰረዣው በስተቀር ከሁሉም ቦታ አነሳሁት። እንደገና ጻፉ፤ ያለ ጥያቄ ተመዘገበ። ስክሪኑን ትተው እኔን አፍጥጠው አዩኝ።

«አሁንስ ለምን ዝም አለ?»